ልጁ ካዘነ ጥሪን

የጋሼ ሄራሞን ማረፍ የነገረኝ ከሙዱላ ዝንጅብል ጭኖ ሆሳዕና የመጣ ነጋዴ ነው። የምሠራበት መሥሪያ ቤት በር ላይ ቆሞ ስሜን ሲጠይቅ ሰማሁና ወጣሁ።

«ዘነበች የምትባዪው አንቺ ነሽ? ሄራሞ አርፏል። ባለቤቱ ንገርልኝ ብላኝ ነው» አለኝ።

መቼ እንደሆነ ጠየቅሁት። «ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው» አለና ወደ ጭነቱ እየተገላመጠ ሄደ። ተመልሼ የጽሕፈት መኪናዬ ፊት ተቀመጥሁ። የጀመርሁት ደብዳቤ ለአውራጃው ገዢ የሚቀርብ ነበር። እስከ መጨረሻው መታሁት፤ አንድ ፊደል አልሳትሁም። ከዚያ ተነሥቼ ፈቃድ ጠየቅሁ። አለቃዬ «ዘመድሽ ነው?» አለኝ። ዘመዴ አይደለም። ጎረቤቴም አልነበረም። ሦስት ዓመት አብረን ሠርተናል፤ ከዚያ በኋላ ያየሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። «አጎቴ ነው» አልሁት።

አብረን የሠራነው በጃንሆይ ዘመን ነው። ከሆሳዕና በእግር ሦስት ሰዓት በሚያስኬድ መንደር ውስጥ ሚሲዮኖች የከፈቱት አንድ ትንሽ ክሊኒክ ነበር። እኔ ሃያ ዓመት ቢሆነኝ ነው። አባቴ ፎንቆ ገበያ ሱቅ የነበረው ጉራጌ ነው፤ እዚያው ስላደግሁ ሀዲይኛ ከጎረቤት ልጆች እኩል እናገራለሁ። ስምንተኛ ክፍል እንደጨረስሁ ክሊኒኩ ካርድ ክፍል ቀጠሩኝ። የበሽተኛውን ስም፣ አገሩንና ሕመሙን እጽፋለሁ፤ ካርዱን ይዤ ወደ ምርመራው ክፍል አስገባለሁ። መርማሪዋ ሲስተር ማርታ የምትባል ፈረንጅ ነርስ ናት። አማርኛዋ ከሰላምታ አያልፍም፤ ሀዲይኛ ደግሞ ከነጭራሹ አታውቅም። በእሷና በሕዝቡ መካከል የሚቆመው ጋሼ ሄራሞ ነበር።

ያን ጊዜ ዕድሜው አርባ አምስት ይሆናል። ረዥም፣ አንገቱ ትንሽ ወደ ግራ ያዘመመ፣ ጆሮው ትልልቅ ሰው ነው። አንድ ሚሲዮናዊ አገሩ ሲገባ የተወለትን ኮት በጋውንም ክረምቱንም ይለብሳል፤ እጅጌው ስለሚረዝምበት ሁለት ጊዜ አጥፎታል። ጭቃ ሲሆን ጫማውን በትከሻው አንጠልጥሎ ይመጣና ግቢው በር ላይ እግሩን ታጥቦ ያደርገዋል። ትምህርት ቤት ገብቶ አያውቅም። አማርኛ ማንበብ የተማረው ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው። እንግሊዝኛን የለመደው በሚሲዮኖቹ ወጥ ቤት ሳህን እያጠበ፣ ኋላም የሰባኪዎችን ሣጥን ተሸክሞ ከመንደር መንደር እየዞረ ነው። እንግሊዝኛ ማንበብ አይችልም። የገባው ሁሉ በጆሮው ነው የገባው።

ሲያስተረጉም ማየት ደስ ይል ነበር። የሚናገረው ሰው እስኪጨርስ ዓይኑን ይጨፍናል፤ የቀኝ እጁን ሌባ ጣት ከደረቱ ትይዩ ትንሽ ያነሣል። ሰውየው ሲያበቃ ጣቱን ዝቅ አድርጎ ይጀምራል። በሽተኛው ካቃሰተ እሱም ያቃስታል፤ ሲስተር ከተቆጣች እሱም ይቆጣል። አሮጊቶች «ወገቤን» ሲሉ ወገቡን ይዞ ይነግራታል። አንድ ጊዜ እንዴት እንዲህ እንደሚችል ብጠይቀው፣ «እኔ እኮ ቧንቧ ነኝ፤ በዚህ የገባው በዚያ ይወጣል፤ ምንም አልጨምርም፣ ምንም አላስቀርም» አለኝ። በዚህ ነገር ይኮራ ነበር። ኩራቱ ግን ማንንም አያስከፋም፤ ለራሱ ብቻ የያዘው ዓይነት ነው።

የመጀመሪያው ችግር የመጣው በአንድ የወረዳ ሹም ምክንያት ነው። ሰውየው እናቱን በበቅሎ አስጭኖ አመጣ። ሴትዮዋ ሆዳቸው ውስጥ እብጠት ነበረባቸው፤ ሲስተር ስትዳብሳቸው ፊቷ ተለወጠ። ግን እጃቸውን ይዛ «ይድናሉ፣ አይዞዎት» አለቻቸው። ጋሼ ሄራሞም በዚያው ድምፅ «ይድናሉ፣ አይዞዎት» አለ። ከዚያ ሹሙን ወደ ውጭ ጠራችውና በሽታው እንደተሠራጨ፣ ከጥቂት ወር በላይ እንደማይቆዩ ነገረችው።

ሹሙ ግራ ገባው። «አሁን እዚያ ውስጥ ይድናሉ አላለቻትም?» አለ።

ሲስተር አንገቷን ደፍታ፣ ለእናትየው የተናገረችው በእንግሊዝኛ «ዋይት ላይ» የሚባለው ነው አለች።

ጋሼ ሄራሞ ጣቱን ዝቅ አደረገና በጠራ አማርኛ፣ «ለእናትዎ የነገርኳቸው ነጭ ውሸት ነው» አለ።

ሰውየው ደሙ ፈላ። «በእናቴ ላይ? ነጭ ውሸት? ይህንንም አፏን ሞልታ ፊት ለፊቴ ትናገራለች?» ብሎ ጮኸ። ሲስተር ምን እንዳጠፋች አላወቀችም፤ ጋሼ ሄራሞም አላወቀም። ሹሙ እናቱን እንደገና በቅሎው ላይ አስጫናቸውና የተዘጋጀላቸውን የሕመም ማስታገሻ ሳይቀበል ይዟቸው ሄደ። ሴትዮዋ በቅሎዋ በተራመደች ቁጥር «እሕ» ሲሉ እስከ ወንዙ ድረስ ይሰማን ነበር። ቆይቶ ክስ መጣ። የክሊኒኩ ኃላፊ ሆሳዕና አውራጃው ጽሕፈት ቤት እየተመላለሰ ይቅርታ ሲጠይቅ ወሩ አለቀ። ነገሩ የገባን በስንት ማብራሪያ ነው። በእኛ ነጭ ውሸት ዓይን ያወጣ ውሸት ነው፤ በእነሱ ደግሞ ሰው እንዳይጎዳ ለደግ የሚዋሽ ነው።

ሲስተር አልተቆጣችውም። አስቀምጣ፣ «ሄራሞ፣ ከእንግዲህ ቃሉን አትተርጉም። በቃሉ ሊባል የተፈለገውን ተርጉም» አለችው። ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። «ያቺን አሮጊት ያለ መድኃኒት የመለስኳት እኔ ነኝ» አለኝ። «ቧንቧ መሆን አይበቃም ማለት ነው፣ ዘነቡ።»

ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው ሆነ። ሆሳዕና ትምህርት ቤት አንድ ወጣት ፈረንጅ መምህር ነበር። ጋሼ ሄራሞ በየቅዳሜው እንቁላል በጭድ ቋጥሮ ሦስት ሰዓት እየሄደ፣ ሦስት ሰዓት እየተመለሰ፣ ከዚያ መምህር ይማር ጀመር። የጀመረው ካቃጠለው ነገር ነው፤ ከቀለም። «ነጭ ውሸት ሌላ ከሆነ፣ ሌሎቹ ቀለሞችስ?» አለ። የተበላሹ ካርዶችን ለምኖኝ ይወስዳል፤ በጀርባቸው ላይ የእንግሊዝኛውን ቃል በእኛ ፊደል ይጽፋል፤ ከጎኑ ትርጉሙን ያሰፍራል። ሰኞ ሰኞ ሥራ ሳይጀመር እኔንና ቁስል የሚያጥበውን፣ መርፌ የሚወጋውን ድሬሰር አቶ ታምራትን ይዞን ይፈትነናል።

«‹ግሪን› የሆነ ሰው ማን ነው?»

«ቅጠል የበላ» ይላል አቶ ታምራት።

«አይደለም! ሥራ ያልለመደ ጀማሪ ነው። ቅናት የያዘውም እንደዚያው ይባላል። ‹ሬድ› እጅስ?»

«ቀይ ሥር የላጠ።»

«እጅ ከፍንጅ የተያዘ! ጥቁር በግስ? ከቤተሰቡ ወጣ ያለ፣ ያሳፈራቸው ልጅ።»

«ጥቁር በግ ምን አደረጋቸው?» ይላል አቶ ታምራት፤ ከት ብለን እንሥቃለን።

አንድ ቀን ወደ እኔ ዞሮ፣ «‹የሎ› ሰው፣ ቢጫ ሰው ማለት ምንድን ነው?» አለኝ።

«ጉበቱ የታመመ ነዋ። ትናንት ሁለት መዝግቤአለሁ» አልሁት።

በደስታ እጁን አጨበጨበ። «አይደለም! ፈሪ ነው! ፈሪ!»

«ሄራሞ፣ እዚህ ግቢ ውስጥ ቢጫ ሰው ካየህ ዝም ብለህ ወደ እኔ ላክልኝ፤ ፈሪ መሆኑን በኋላ እንጠይቀዋለን» አለ አቶ ታምራት። እሱም ሣቀ፣ እኔም ሣቅሁ።

እውነቱን ለመናገር ቀናሁበት። ስምንት ዓመት እንግሊዝኛ ተምሬአለሁ፤ ለእኔ ግን ቀለም ቀለም ነው። እሱ በጥቂት ወር ውስጥ ከመጽሐፌ ጀርባ ያለውን ያወቀ መሰለኝ። ትክክል ነኝ ባልሁ ቁጥር ትክክል አልነበርሁም። እየቆየሁ መከራከሩን ተውሁት።

በሰኔ ወር አንድ ሰኞ ሲመጣ ግን እንደ ሌላው ጊዜ አልፈተነንም። ካርድ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ፣ «‹ብሉ› ሐዘን ነው» አለኝ። «ሰው ሲከፋው፣ ሆዱ ሲባባ፣ ሰማያዊ ነኝ ይላል።»  «ሲስተር ማርታ ስንት ጊዜ ዛሬ ብሉ ነኝ ብላኛለች መሰለሽ? እኔ ቀሚሷን አያለሁ፤ ቀሚሷ ደግሞ ነጭ ነው። ምን ማለቷ ነው እያልሁ አልፋለሁ። አገሯን ትታ፣ ወንድሟ ሞቶ ደብዳቤ የደረሳት ጊዜ ሳይቀር እንዲሁ ብላኝ ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ አዝኛለሁ ስትለኝ አንድ ቀን አይዞሽ አላልኋትም።» ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ያን ዕለት ጠዋት ምርመራው ከመጀመሩ በፊት ሲስተር ጋ ገብቶ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አላት። ምን እንዳላት አልሰማሁም። እሷ ግን ተነሥታ ሁለት እጁን ያዘች።

ያ ክፉ ቀን የመጣው ከዚያ በኋላ ወር ሳይሞላ ነው።

አበበች የምትባል አንዲት ወጣት ከጃጁራ በኩል ሕፃን አዝላ መጣች። ሁለት ልጆች ሞተውባታል፤ ይሄ ሦስተኛው ነው። ስምንት ወሩ ነው። ደረቱን ብርድ መትቶታል፤ ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ ይገባል፣ ይወጣል፤ ያለማቋረጥ ያለቅሳል። ሲስተር መርፌ ወጋችውና አስታማሚዎች በሚያድሩበት ጎጆ እንዲተኛ አደረገች። በማግስቱ ጠዋት ትንሽ የተሻለው መሰለ።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ግን ከወንዙ ማዶ ሰዎች እየሮጡ መጡ። ምጥ የያዛት ሴት ሁለተኛ ቀኗ ነው፤ ልጁ እንቢ ብሏል። ሲስተር መሄድ ነበረባት፤ ጋሼ ሄራሞም አብሯት መሄድ ነበረበት፤ ያለ እሱ ማንንም ማነጋገር አትችልም። ከመሄዷ በፊት ለአቶ ታምራት አንድ መርፌ አዘጋጅታ ሰጠችውና «እናትየው ከጠራችህ ይህን ውጋው» አለችው። እኔን የልጁን ካርድ ይዤ እንድመጣ ጠራችኝና ሦስታችን ወደ ጎጆው ገባን።

ሲስተር በጥድፊያ ነበር የምትናገረው፤ በቅሎው ተጭኖ ይጠብቃታል። ለእናትየው ንገራት አለች። ልጁ «ብሉ» ከሆነ አንድ ደቂቃ እንዳትቆይ፣ ወዲያው ድሬሰሩን እንድትጠራ አለች። በጆሮዬ ሰማሁት።

ጋሼ ሄራሞ ዓይኑን ጨፍኖ ጣቱን አንሥቶ ነበር። ዝቅ አደረገውና በሀዲይኛ፣ «ልጁ ካዘነ፣ ከከፋው፣ አንድ ደቂቃ እንዳትቆዪ። ወዲያው ድሬሰሩን ጥሪ» አላት።

አበበች ቀና ብላ አየችው። «ሕፃን እንዴት ነው የሚያዝነው?»

ይህን ለሲስተር አላስተረጎመላትም። ቃሉን ሳይሆን የተፈለገውን ተርጉም ተብሏል። በለሰለሰ ድምፅ፣ «ያለቅሳል፣ ይነጫነጫል። አንቺ እናቱ ታውቂዋለሽ» አላት።

እሺ አለች። ሲስተር «ገባት?» ስትል «በደንብ ገብቷታል» አላት። ወጡ።

እኔ ካርዱን እንደያዝሁ ቆሜአለሁ።  ሲስተር ያለችው ቀለሙን መሰለኝ። «ጋሼ ሄራሞ» ብዬ ልጠራው አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ቢጫው ሰው ትዝ አለኝ፤ እጁን እያጨበጨበ «አይደለም!» ያለኝ ትዝ አለኝ። ከእኔ እሱ ያውቃል አልሁ። በበቅሎዋ ኋላ በፍጥነት ሲራመድ፣ የኮቱ እጅጌ ተፈቶ ሲንጠለጠል አየሁት። ዝም አልሁ።

ያን ቀን የገበያ ማግስት ስለነበር በሽተኛው ብዙ ነው። አቶ ታምራት ከተሰለፈው ሕዝብ ፊት ቀና ማለት አልቻለም። እኔ ቀትር ላይ በጎጆው በር ሳልፍ «እንዴት ነው?» አልሁ። ውስጡ ጨለማ ነው። አበበች ከዚያ ውስጥ ሆና፣ «ተመስገን፤ ማልቀሱን ትቷል» አለችኝ። ደስ አለኝ። አልገባሁም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ራሷ ካርድ ክፍል መጣች። አልሮጠችም፤ አልደነገጠችምም። ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «ጸጥ ብሎ ተኝቷል። ከንፈሩ ግን ጠቁሯል፤ ጥፍሩም እንደዚያው ነው። በርዶት ይሆን? ትኩስ ነገር ላጠጣው?» አለችኝ።

ሮጥሁ። አቶ ታምራትም መርፌውን ይዞ እየሮጠ መጣ። ወጋው፤ ደረቱን አሸው፤ በአፉ ተነፈሰለት። ብዙ ቆየበት። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና ራሱን ነቀነቀ። አበበች አሁንም የገባት አይመስልም ነበር። ሲገባት ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ሲስተርና ጋሼ ሄራሞ የተመለሱት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። የሄዱላት ሴት በሰላም ተገላግላ ደስ ብሏቸው ነበር፤ በሩቁ ሲያወሩ ይሰማኝ ነበር። ጎጆው ውስጥ ገቡ። ሲስተር ተንበርክካ ልብሱን ገለጠችና የልጁን ከንፈር አየች፤ ጣቶቹን አየች። ለጋሼ ሄራሞ፣ «እንዲህ ሲሆን ጥሪ አላልኋትም? ለምን እንዳልጠራች ጠይቃት» አለችው።

እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፍኖ ጠየቃት።

አበበች፣ «ካዘነ ጥሪን ነው ያላችሁኝ» አለች። «አላዘነም እኮ። ከመጣን ጀምሮ እንደ ዛሬ ጸጥ ብሎልኝ አያውቅም።»

ዓይኑን አልገለጠም። ሲስተር «ምን አለች?» አለች። ሁለተኛ ጠየቀችው።

«አላዘነም አለች» አላት በእንግሊዝኛ።

«ማዘን? ማዘንን ምን አመጣው?»

«ብሉ ከሆነ ጥሪ በላት አልሽኝ። ብሉ ሐዘን ነው።»

ሲስተር አፏን በእጇ ያዘች። «ቀለሙን ነው፣ ሄራሞ» አለች። «ቀለሙን ነው ያልሁህ።»

አበበች አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን ታያለች። «ምን እየተባባላችሁ ነው?» አለች።

ያን ጊዜ ፈልጎ ቢሆን የፈለገውን ሊላት ይችል ነበር። ሲስተር ሀዲይኛ አትሰማም፤ አበበች እንግሊዝኛ አትሰማም። የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ቢላት ታምነው ነበር። እሱ ግን ዓይኑን ገልጦ ፊቷ ተንበረከከና ራሱን ወክሎ ተናገረ። በሥራ ላይ በራሱ አፍ ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ሲስተር ያለችሽ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ጥፍሩ ሰማያዊ ከሆነ ጥሪ ነው። ካዘነ ያልሁሽ እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የተሳሳትሁት።»

አበበች፣ «አይቼው ነበር» አለች። «ከረፋዱ ጀምሮ አይቼው ነበር። በርዶት ነው ብዬ አለበስሁት።»

በልጁ ቀብር መቃብሩን የቆፈረው ጋሼ ሄራሞ ነው፤ ማንም እንዲያግዘው አልፈለገም። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ሰብስበው ሁለቱን ወገን አስቀመጡ። የልጁ አባት ጨዋ ሰው ነበር። «ሳያውቅ ነው፤ በጌታ ስም ይቅር ብለነዋል» አለ። አበበችም ይቅር ብዬአለሁ አለች። ሁሉም «አሜን» አለ። ጋሼ ሄራሞ ከመሬት ቀና አላለም። ሲስተር በበኩሏ፣ መርፌው በጊዜ ቢሰጠውም ላይድን ይችል እንደነበር ደጋግማ ነገረችው። «ይችል ነበር» ማለቷን ነው የሰማው። «ላይድን ይችላል ያልሽው ልጅ፣ ሊድንም ይችል ነበር» አላት።

ሰኞ ሥራ ገባ። አንድ የሚያስላቸው ሽማግሌ መጡ። ሲስተር ስንት ቀናቸው እንደሆነ ጠይቅልኝ አለችው። ዓይኑን ጨፈነ፤ ጣቱን አነሣ። ጣቱ እንደተነሣ ቀረ። ሽማግሌው ጠበቁ፣ ሲስተር ጠበቀች። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ዘነቡ፣ አንቺ ጠይቂያቸው» አለኝ። ጠየቅኋቸው። ወጥቶ አጥሩ ሥር ተቀመጠ፤ እስከ ማታ እዚያው ነበር። የዚያን ሳምንት መጨረሻ ባለቤቱን ይዞ ወደ ዘመዶቿ አገር፣ ወደ ሙዱላ ሄደ።

ከዚያ በኋላ የማስተረጉመው እኔ ሆንሁ። ሁለት ዓመት ሠራሁ። እያንዳንዱን ቃል ሦስት ጊዜ እጠይቃለሁ፤ ሲስተር ይሰለቻት ነበር። ሆሳዕና የታይፕ ሥራ ሲገኝ ለቅቄ ሄድሁ።

ያን ቀን በጆሮዬ ሰምቼ ዝም ማለቴን ለማንም አልነገርሁም ነበር። ለጋሼ ሄራሞ ለመንገር ስድስት ዓመት ፈጀብኝ። ብነግረው የሚቀልለው ይመስለኝ ነበር፤ ጥፋቱ የእሱ ብቻ አለመሆኑን ቢያውቅ። አንድ ቀን በዱራሜ አድርጌ፣ በገበያ መኪና ተጭኜ ሙዱላ ወረድሁ። ማሳው ውስጥ ዝንጅብል ሲኮተኩት አገኘሁት። ከስቷል፤ ፀጉሩ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል። ባለቤቱ ወይዘሮ አማረች ቤት እንድገባ ብትለምነኝም እዚያው ማሳው ዳር ተቀመጥሁ። ገበያ ላይ ሁለት ሰዎች በቋንቋ ሳይግባቡ ሲያይ ዕቃውን ትቶ እንደሚሄድ የነገረችኝ እሷ ናት።

«ጋሼ ሄራሞ፣ ያን ቀን እኔም እዚያ ነበርሁ» አልሁት።

«አውቃለሁ።»

«ሲስተር ያለችውን ሰምቼ ነበር። ቀለሙን መስሎኝ ነበር። አንተ ካዘነ ስትል ተሳስቷል ብዬ አስቤ ነበር። ልጠራህ አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ፣ ከእኔ እሱ ያውቃል ብዬ ተውሁት።»

መኮትኮቻውን መሬት ላይ አስቀመጠው። 

«ምን እያልሁ እንደምተኛ ታውቂያለሽ?» አለኝ። «በዚያ ጎጆ ውስጥ የነበረ ማንም ሰው ሊያውቀው አይችልም ነበር እላለሁ። እንኳን እኔ፣ የተማረ ሰው ቢሆን ይሳሳት ነበር እላለሁ። እሱን እያልሁ ነው ዓይኔ የሚከደነው።» አላየኝም። «አንቺ አውቀሽ ነበር። ልጅ ነበርሽ፤ ግን አውቀሽ ነበር። አንዴ ጋሼ ብትዪኝ ኖሮ…» አልጨረሰውም።

አለቀስሁ። እሱ አላለቀሰም፤ አልተቆጣኝምም።

«ለምን መጣሽ?»

«እንዲቀልልህ ብዬ።»

«ለማን?» አለኝ።

 ተነሥቶ እስከ መኪናው ሸኘኝ፤ ዘንቢሌን እሱ ያዘልኝ። ሾፌሩን ለምኖ ከፊት አስቀመጠኝ። በሩን ራሱ ዘጋው።

እንግዲህ ለልቅሶው ሙዱላ የደረስሁት በሰባተኛው ቀን ነው። ሰዉ ተበትኗል፤ ጥቂት ጎረቤቶች ናቸው ያሉት። ወይዘሮ አማረች አቀፈችኝና አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ከድሮ ሥራው ሰዎች አንድ ቀን ሊጠይቀው የመጣሁት እኔ ብቻ ስለሆንሁ ነው የላከችብኝ። አሟሟቱን ነገረችኝ። እንቅልፍ ካጣ ቆይቷል። ሌት ከቀን ይቀመጣል። እህል መቅመስ ተወ። በመጨረሻ ደረቱን ሲያመው ሐኪም ቤት እንውሰድህ ቢሉት ምሰሶውን ይዞ አልሄድም አለ፤ አራት ወንዶች ሊያላቅቁት አልቻሉም።

ጎረቤቶቹ እስኪወጡ ጠበቀችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለችኝ። «አንቺ ከመጣሽበት ቀን በፊት ይተኛ ነበር። ጥቂትም ቢሆን ይተኛ ነበር። ያን ቀን ምን ብለሽው ነው?»

ነገርኋት። አንድም አላስቀረሁም። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ።

ስጨርስ፣ «ባትመጪ ይሻል ነበር» አለች።

«አዎ» አልኋት።

ተነሥታ ገባች። የምታባርረኝ መስሎኝ ነጠላዬን አነሣሁ። በሰሃን ቆጮና ጎመን ይዛ ወጣች፤ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ባዶ ሆድሽን አትሄጂም አለችኝ። ፊት ለፊቴ ተቀምጣ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።  በላሁ።